ሮዟ ጥንቸል ለምን በርሊን ቀረች? ስለ ስደተኛ ልጆች ታሪክና በውስጡ ስላሉ ዕቃዎች

የሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። መምህሩ ስለ አንድ ስደተኛ ልጅ ቤተሰብ የሚተርክ ታሪክ አስነብቦ «አሻንጉሊቱ ምንን ይወክላል?» ብሎ ይጠይቃል። እጅ ይወጣል። «አገርን!» ጎበዝ። ቁልፉስ? «አገርን!» የእናትየው ነጠላስ? እሱም አገርን። ማርኩ ተሰጠ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ሁሉም ወደየቤቱ።

መልሱ ውሸት አይደለም። ግን ምንም አያስረዳም። አሻንጉሊቱም፣ ቁልፉም፣ ነጠላውም አገር ከሆኑ ደራሲው ሦስቱን ለያይቶ መጻፍ ለምን አስፈለገው? ልጁስ ያንን ትቶ ይህንን ለምን ያዘ? እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። ዕቃ በታሪክ ውስጥ ተምሳሌት የሚሆነው በቤተሰቡ መሀል አንድ ሥራ ሲሠራ ነው። ማን መረጠው? ማን ተሸከመው? ማን ጥሎት ሄደ? ድንበር ሲሻገር ምን ሆነ? ትርጉሙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ይህ ትንሽ ያስቸግራል። ያደግነው በሰምና ወርቅ ነዋ። ቅኔ ሲነገረን ጆሯችን ወዲያው የተደበቀውን ያድናል። ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ቢቀልጥም ግድ የለንም። የስደተኛ ልጅ ታሪክ ግን እንዲህ ሲነበብ ይበላሻል። አሻንጉሊቱን አቅልጠን «አገር» የሚለውን ብናወጣ፣ እጃችን ላይ የሚቀረው በየንግግሩ የምንሰማው ቃል ነው። እዚህ አጥብቆ መያዝ የሚያዋጣው ሰሙን ነው።

በወሬ ብቻ እንዳይቀር አንድ መጽሐፍ ገልጠን እንየው። ደራሲዋ ጁዲት ኬር ናት። በ1923 በርሊን ተወለደች (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ አልፍሬድ ኬር ስመ ጥር የቴአትር ሃያሲ ነበር። አይሁዳዊ ነው። ናዚዎችንም በአደባባይ ይተች ነበር። በ1933 መጀመሪያ ሂትለር ሥልጣን እንደያዘ አንድ ፖሊስ «ፓስፖርትህን ሊቀሙህ ነው» ብሎ ሹክ አለው። አባት ትኩሳት ይዞት ከተኛበት አልጋ ተነስቶ ከአገር ወጣ። እናትና ሁለቱ ልጆች በማርች የተጠራው ምርጫ ሳይደርስ ተከተሉት። መጀመሪያ ስዊዘርላንድ፣ ቀጥሎ ፓሪስ፣ በመጨረሻ ለንደን። ኬር ይህንን ጉዞ በ1971 ለልጆች ጻፈችው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሂትለር ሮዟን ጥንቸል በሰረቀ ጊዜ» እንደማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እሷ አና ሆናለች፣ ወንድሟ ደግሞ ማክስ።

ለመጻፍ የተነሳችበት ምክንያት ራሱ ፈገግ ያሰኛል። የስምንት ዓመት ልጇ ከናዚ የሚያመልጥ ቤተሰብ ያለበት፣ ዘፈን የበዛበት አንድ የሆሊውድ ፊልም አየ። ከዚያም እናቱ ልጅ ሆና ያሳለፈችው ሕይወት አሁን እንደገባው ተናገረ። እንዲያ እንዳልነበረ ልታሳየው ብዕር አነሳች።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ። አና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቦታ የለምና ከአሻንጉሊቶቿ አንዱን ብቻ መያዝ ትችላለች። አንደኛዋ ተፎካካሪ ሮዟ ጥንቸል ናት። አና ራሷን ካወቀች ጀምሮ አብራት ያለች። የመስታወት ዓይኖቿ ከወለቁ ቆይተዋል፣ በምትካቸው በጥቁር ክር ተጠልፎላታል። ሮዝ መባሏ አሁን ለስም ያህል ነው፣ ቀለሟ ለቋል። ሊያቆሟት ሲሞክሩ እግሮቿ ላይ ክምር ትላለች። ሁለተኛው በቅርቡ የመጣ የሱፍ ውሻ ነው። አዲስ ነው፣ ገና በደንብ አልተጫወተችበትም። አና ታስባለች፣ ታወጣለች፣ ታወርዳለች። ውሻውን ትመርጣለች።

ልብ በሉ፣ ምርጫው ሞኝነት አይደለም። ጥንቸሏ ከቀረው የቤት ዕቃ ጋር ኋላ ትመጣለች ብላ ነው። አዲስ ነገር ይዞ መሄድ የማይፈልግ ልጅ ደግሞ የት አለ? ጉዳዩ የሚዞረው ከጊዜ በኋላ፣ ስዊዘርላንድ ሆነው ናዚዎች የቤታቸውን ዕቃ በሙሉ እንደወረሱት ሲሰሙ ነው። ያን ጊዜ አና ጥንቸሏን አንድ በአንድ ታስታውሳለች። በክር የተጠለፉትን ዓይኖች፣ ክምር የምትልበትን ሁኔታ፣ ያንን የለመደችውን ለስላሳ ጠጉር። ያንን ወዝ የሌለው ውሻ በእሷ ፋንታ እንዴት ያዝኩ ትላለች። ማክስ በበኩሉ የጨዋታ ሳጥናቸው ትዝ ይለዋል። ይሄኔ ሂትለር የእባብና መሰላል ጨዋታችንን እየተጫወተ ነው ይላል። አና ደግሞ ጥንቸሌን አቅፎ! ትላለች። ትስቃለች። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል።

ዕቃው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ንብረት መውረስ»፣ «ዜግነት መንጠቅ»፣ «አምባገነን መንግሥት» የሚባሉት ነገሮች ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አይጨበጡም። ለአዋቂም ቢሆን በቅጡ አይጨበጡም። «ያ ሰውዬ ጥንቸሌን ወሰደ» ግን ይጨበጣል። ጥንቸሏ ያን ግዙፍ ነገር በልጅ እጅ ልክ ታሳንሰዋለች። ስታሳንሰው ግን አታቀለውም። ሂትለር አሻንጉሊት አቅፎ ሲታሰብ ያስቃል፣ አስቆም ያማል። ያንን የሳቅና የእንባ ድብልቅ «ጥንቸሏ አገርን ትወክላለች» የሚለው መልስ የት ያገኘዋል?

ስለ ውሻውስ ማን ይናገራል? ርዕሱን የወሰደችው ጥንቸሏ ናት። መምህራንም ስለ እሷ ነው የሚጠይቁት። ለእኔ ግን ውሻው አይተናነስም። በሻንጣ የመጣው እሱ ነው። አና ባየችው ቁጥር ምርጫዋ ትዝ ይላታል። በሰላም ጊዜ ቢሆን ውሻው የሱፍ ውሻ፣ ምርጫውም የአንድ ሳምንት ጉዳይ ሆኖ ያልፍ ነበር። ስደት ግን የልጅን ትንሽ ምርጫ ወስዶ መመለሻ የሌለው ያደርገዋል። የስደተኛ ልጆች ታሪክ ላይ የቀረው ዕቃ ከተያዘው ዕቃ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው ለዚህ ነው። የተያዘው ዕቃ ያረጃል፣ ይሰበራል፣ ይለመዳል። የቀረው እንዳለ ይኖራል።

ታሪኩ የቤተሰብ ስለሆነ የልጅቷን ዕቃ ብቻ ማየትም አይበቃም። እናትየው ባቡር ላይ የምትይዘው ቦርሳ አለ። ፓስፖርቶቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ተቆጣጣሪው እስኪመጣ፣ አይቶ እስኪመልስ፣ በሩን ዘግቶ እስኪሄድ ድረስ እጇ ከቦርሳው ላይ አይነሳም። አና ፍርሃቱን የምታነበው ከእናቷ ፊት ብቻ አይደለም፣ ከጣቶቿም ጭምር ነው። ማንም «ፈርቻለሁ» አላለም። ቦርሳው ብሎታል። የአዋቂ ዕቃ ወረቀት ነው፣ የልጅ ዕቃ አሻንጉሊት ነው። አንዱ ሕይወት ያተርፋል፣ አንዱ እንቅልፍ ያስወስዳል። ሁለቱ በአንድ ባቡር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ቤተሰቡ ምን ላይ እንዳለ የሚገባን።

የአባትየው ዕቃ ደግሞ መጻሕፍቱ ናቸው። በሜይ 10 ቀን 1933 ናዚዎች በርሊን አደባባይ ላይ መጻሕፍት ሲያቃጥሉ የአልፍሬድ ኬር ሥራዎች እሳት ውስጥ ነበሩ። ይህ ታሪክ መዝግቦት ያለ ነገር ነው።

ከሁሉ ልቤን የሚነካኝ ግን የአጎት ጁሊየስ ነገር ነው። አጎት ይባል እንጂ የቤተሰቡ ወዳጅ ነው። አልሰደድም፣ ይህ ሁሉ ያልፋል ብሎ በርሊን የቀረ ሰው። እንስሳት ይወዳል፣ የበርሊን የእንስሳት ማቆያ የሚገባበት ፈቃድ አለው። አንድ አያቱ አይሁዳዊት ስለነበሩ ሥራውን ይነጥቁታል። ይችለዋል። ኑሮው ይጠባል። ያንንም ይችላል። በመጨረሻ ያችን የመግቢያ ፈቃድ ሲቀሙት ራሱን ያጠፋል። ከሥራና ከገንዘብ ይልቅ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰውየውን የገደለችው እንስሳቱን የማየት ደስታው የታሰረው በእሷ ስለነበር ነው። የቀረችው የመጨረሻዋ የሰውነቱ ማረጋገጫ እሷ ነበረች።

አንድ ነገር ልጨምር። በእውነተኛው ሕይወት የጁዲት ኬር እናት ከበርሊን ሲወጡ የልጇን ሥዕሎች ይዛ ነበር። ሕፃን እያለች የሞነጫጨረቻቸው ወረቀቶች ናቸው። እነዚያ ወረቀቶች ዛሬ እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ፣ ሰቨን ስቶሪስ በሚባለው የልጆች መጻሕፍት ማዕከል ይገኛሉ። አስቡት፣ ሻንጣ ጠቦ ልጅ አንድ አሻንጉሊት ብቻ ያዢ ስትባል እናት ለሙጭርጭር ወረቀት ቦታ አገኘች። ያም ሆኖ ርዕስ የሆነው የተረፈው ሥዕል ሳይሆን የጠፋችው ጥንቸል ናት። ደራሲዋ በ2019 በ95 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ሠዓሊ ነበረች። እናትየው ምን እንደተሸከመች ያኔ ያወቀች አይመስለኝም።

እስካሁን ያየናቸው ዕቃዎች የአንድ ቤት ናቸው። የሕዝብ የሆኑ ዕቃዎችም አሉ። ጉልሁ ምሳሌ የፍልስጤማውያን ቁልፍ ነው። በ1948 ከ700,000 በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ሲፈናቀሉ ብዙዎቹ በራቸውን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ወጡ። ቶሎ እንመለሳለን ብለው ነው። አናም እንዲያ ብላ ነበር። ቁልፉ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላለፈ። ቤተልሔም አጠገብ ባለው የአይዳ የስደተኞች ካምፕ መግቢያ ላይ ከ2008 ጀምሮ አንድ ግዙፍ ቁልፍ ቆሟል። ይህ ቁልፍ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ካምፑ ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ለደራሲ ግን አደጋው እዚያ ላይ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ተምሳሌት ሥራ ይፈታል። ታሪክ ውስጥ ቁልፍ ሲገባ አንባቢው «አሃ፣ መመለስ» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ቁልፉ ነፍስ የሚዘራው የአንዲት በር ቁልፍ ሲሆን ነው። ለምሳሌ በሯ በክረምት እያበጠች ካልተገፋች የማትዘጋ፣ አያትየው ደግሞ ያንን ግፊያ ዛሬም በትከሻቸው የሚያሳዩ ከሆነ። የልጅ ልጁ በሯን አይቷት አያውቅም። የአያቱን ትከሻ ግን ያውቃል። እሱ የወረሰው ያንን ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት። ቤንጃሚን ዘፋንያ የተባለው እንግሊዛዊ ባለቅኔ በ2001 ያሳተመው «ስደተኛው ልጅ» የተባለ ልብ ወለድ አለ። ባለታሪኩ ዓለም ይባላል፣ 14 ዓመቱ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ጊዜው የ1998ቱ ጦርነት ነው። ኢትዮጵያ ሲኖሩ በእናቱ ምክንያት፣ ኤርትራ ሲሄዱ በአባቱ ምክንያት ወታደር በር ሰብሮ ይገባባቸዋል። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በዚያ ጦርነት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየቤታቸው ተነቅለው ድንበር ተሻግረዋል፣ ባልና ሚስት የተለያዩም ብዙ ናቸው። የሚያውቅ ያውቀዋል።

አባትየው ዓለምን ለጉብኝት በሚመስል ጉዞ እንግሊዝ ይወስደዋል። ለንደን አቅራቢያ ያለ ሆቴል ያድራሉ። ልጁ ጠዋት ሲነቃ አባቱ የለም። የሚደርሰው ደብዳቤ ነው። እዚህ ብትቀር ይሻልሃል፣ እኔና እናትህ የወሰንነው ስለምንወድህ ነው የሚል።

ደብዳቤው ምንን ይወክላል? ፍቅርን ካልን ልክ ነን። መተውን ካልንም ልክ ነን። አንዲቷ ወረቀት ሁለቱንም ናት፣ ልጁም አንዱን ከሌላው ቀዶ መውሰድ አይችልም። ቀጥሎ የጥገኝነት ጉዳይ ይመጣል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ሁሉ ያልፍበታል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። መታወቂያው፣ ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ ከቤት የመጣው ወረቀት ሁሉ ኮፒ ተደርጎ ፋይል ውስጥ ይገባል። ልጁ ትራሱ ሥር የሚያስቀምጠው ነገር ጠበቃው ዘንድ ማስረጃ ይሆናል። ዕቃው አልተቀየረም። የያዘው እጅ ግን ተቀይሯል። ልጅ ሲይዘው «እወድሃለሁ» ይላል፣ ፋይል ውስጥ ሲገባ «እውነቱን ነው» ማለት ይጠበቅበታል። ስለ ስደተኛ ልጅ የሚጽፍ ሰው ይህንን ሽግግር ካሳየን ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

ይህንን ልብ ወለድ በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ለምን ሲሳይ የሚባል ሰው መሆኑ አጋጣሚ አይመስልም። ሲሳይ ከኢትዮጵያዊት እናት በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ኖርማን ተብሎ በማደጎ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ ባለቅኔ ነው። ስደተኛ አልነበረም። ግን ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። ለአካለ መጠን ሊደርስ ሲል የልደት ወረቀቱንና እናቱ በ1968 የጻፈችውን ደብዳቤ ሰጡት። ደብዳቤው ልጄን እንዴት ላገኘው እችላለሁ የሚል ነበር። እሱ ማንም አልፈለገኝም እያለ ሲያድግ ደብዳቤው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ተቀምጧል።

በእኛ ጽሑፎች የምታዘበውን ነገር እዚህ ላይ ልናገር። ስለ ስደት በአማርኛ ስንጽፍ ጀበና እናበዛለን። ጀበና፣ በርበሬ፣ ነጠላ፣ አንዳንዴ ማተብ። ባለታሪኩ ፍራንክፈርትም ይኑር ዋሽንግተን፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ሁሉም ያለቅሳል። ጀበናው ምንም አላጠፋም። ሥራ ስላልተሰጠው ነው።

ሥራ ስጡት። እንደ ዓለም ቤት ያለ ቤት እናስብ። አባት ጎንደር፣ እናት አስመራ ያደጉ። የአባት ወገን ጀበና ጎኑ ላይ መቅጃ አለው። የእናት ወገን ጀበና ያ መቅጃ የለውም፣ በአንገቱ በኩል ነው የሚቀዳው፣ አተላው እንዳይወርድ አንገቱ ላይ ውታፍ ይደረግበታል። ቤቱ ውስጥ ያለው የአባት ነው እንበል፣ ልጅቷም በእሱ መቅዳት ለምዳለች። ሲሸሹ መንገድ ላይ ይሰበራል። ካርቱም ሲደርሱ ጎረቤት ያለ መቅጃ ጀበና ያውሳቸዋል። ልጅቷ እንደለመደችው ስታዘነብል ቡናው ሲኒውን ስቶ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል። እናት ሳትቆጣ ጀበናውን ተቀብላ በአንገቱ ትቀዳለች። እጇ አልረሳውም። ልጅቷ እናቷ ከእሷ በፊት ሌላ ቤት እንደነበራት የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። «ናፍቆት» የሚለው ቃል አንዴም አልተጠራም።

ልጆቻችሁን ወይም ተማሪዎቻችሁን እንዲህ ያለ ታሪክ ስታስነብቡ «ምንን ይወክላል» የሚለውን ጥያቄ ለትንሽ ጊዜ ወደ ጎን ብታደርጉት ጥሩ ነው። ይልቅ ዕቃው ሻንጣ ውስጥ ማን እንዳስገባው ጠይቁ። በታሪኩ መጀመሪያና መጨረሻ ማን እጅ ላይ እንደነበር ጠይቁ። ባይኖር ኖሮ የትኛው ገጽ እንደሚፈርስ ጠይቁ። ምንም ገጽ የማይፈርስ ከሆነ ጌጥ ነው፣ እለፉት። ልጆች ለእነዚህ ጥያቄዎች ከእኛ የተሻለ መልስ አላቸው፣ ስለ ዕቃ ማሰብ የዕለት ሥራቸው ነውና።

መምህራን የሚወዱት ሌላም መልመጃ አለ። «እናንተስ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ ብትባሉ ምን ትይዛላችሁ?» የሚለው። ለአብዛኛው ልጅ ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ታብሌቴን፣ ድመቴን ይላሉ። ግን ክፍሉ ውስጥ በእርግጥም አንድ ነገር ብቻ ይዞ የወጣ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስቶክሆልምም ይሁን ቴል አቪቭ፣ አዲስ አበባም ቢሆን። ለእሱ ይህ ጨዋታ አይደለም። ክፍል ፊት ቆሞ እንዲመልስ አይጠየቅ። ስለ አና ውሻ ይጠየቅ። ስለ ውሻው መናገር ይቀለዋል፣ የራሱን ነገር ማከል ከፈለገም በሩ ክፍት ነው።